«ስንት ሻማ ነው?» የአንድ ዓሣ ገንዳ መብራት ታሪክ፣ ከዱባይ እስከ ጅማ መርካቶ

አጎቴ መጀመሪያ የጠየቀው «ስንት ሻማ ነው?» ብሎ ነበር።

ዕቃው ገና ከካርቶኑ መውጣቱ ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል የብረት ሳጥን። ሆዱ ላይ 55 ትንንሽ ኤልኢዲ ተደርድሮበታል፤ ጀርባው ላይ ማራገቢያ አለው። የአጎቴ ልጅ ነው ከዱባይ በሻንጣው ይዞት የመጣው። «165 ዋት ነው» አለ ልጁ። አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። ለእሱ ትውልድ ዋትና ሻማ አንድ ነው፤ 40 ሻማ ለጓዳ፣ 60 ሻማ ለመኝታ ቤት፣ 100 ሻማ እንግዳ ለሚገባበት ሳሎን። «165 ሻማ? ለዓሣ?» አለና ወደ ቡናው ተመለሰ።

እኛ ሳቅን። የሳቅንበትን ጥያቄ በቁም ነገር ለመመለስ አራት ወር ፈጀብን።

የሆነውን ከነስህተቱ ልጽፈው ነው። ስህተቱም በአብዛኛው የእኔው ነው። ጅማ መርካቶ አካባቢ ቴሌቪዥን፣ ቻርጀር፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ የምጠግን ሰው ነኝ። ስለ ሽቦ ከዓሣ የበለጠ አውቃለሁ፤ ጣጣው የጀመረውም እዚያ ላይ ነው።

ልጁ የፈለገው የባሕር ገንዳ ነበር። ኮራል (ባሕር ወለል ላይ እንደ ተክል ተተክሎ የሚኖር እንስሳ) ያለበት፣ በሰማያዊ ብርሃን የሚያበራ። ዱባይ አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው ቤት አይቶ ልቡ እዚያው ቀርቷል። እንደመጣ መስታወት ቤት ሄዶ 80 በ35 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ገንዳ አሠራ። ጢም ብሎ ሲሞላ 112 ሊትር ይይዛል። መቆሚያውን አናጢ በዋንዛ ሠራለት፤ በበርጩማ የምትታወቅ ከተማ ውስጥ መቆሚያ አያሳስብም።

ከዚያ ቁጭ ብለን ሒሳብ ሠራን። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም ጨው አለው። ለዚህ ገንዳ ወደ 4 ኪሎ ማለት ነው። ያውም ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው ሳይሆን ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ በልክ የተዘጋጀ የአኳሪየም ጨው። በየሳምንቱ ከአሥር አንዱን እጅ ውሃ መቀየር ካለ ደግሞ በዓመት ሌላ 20 ኪሎ። ውሃው 25 ወይም 26 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፣ ሌሊቷ ይበርዳል፤ ስለዚህ ማሞቂያው ቀን ከሌት፣ ውሃ የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕም ቀን ከሌት። መብራት በጠፋ ቁጥር ይሄ ሁሉ ይቆማል፤ ኮራል ደግሞ እንደ እኛ ሻማ ለኩሶ «ይመጣል» እያለ አይጠብቅም። ኮራሉስ ራሱ ከየት ይመጣል? ድንጋይ የሚሠሩት ኮራሎች ሳይትስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ስር ስላሉ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም። ጅቡቲ ቅርብ ነው ብሎ ከባሕር ነቅሎ በመኪና ጭኖ መምጣት አይቻልም፤ ባይቻልም ጥሩ ነው።

ልጁ ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን «እሺ፣ ጨው የሌለው ይሁን፣ ግን ቅጠል ይኑረው» አለ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልለው ቫሊስኔሪያ፣ ሆርንዎርት፣ ጃቫ ፈርንና ሁለት ሥር አኑቢያስ የሚባሉ የውሃ ዕፅዋት መጡ። ዓሦቹ ጉፒ ናቸው፣ 12።

ዕቅዱ ተቀየረ። መብራቱ ግን አልተቀየረም። ተገዝቷላ! ተሸክሞት መጥቷላ! ማን ይጥለዋል?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ነገሩ ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው። የባሕር ገንዳ መብራት ሰማያዊ የሆነው ለውበት ብቻ አይደለም። ውሃ ብርሃንን ሲያሳልፍ መጀመሪያ የሚውጠው ቀዩን ነው። ጥቂት ሜትር ከወረድክ ቀዩ የለም፤ ይበልጥ ስትወርድ የሚቀረው ሰማያዊው ነው። ኮራል ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ትንንሽ አልጌዎችን አስጠግቶ ያኖራል፤ እነሱ ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ፣ እሱ ከእነሱ ይበላል። እነዚያ አልጌዎች ከዚያ ሰማያዊ ብርሃን ጋር የተስማሙ ናቸው። ስለዚህ ሰው ቤቱ ውስጥ ኮራል ሲያኖር የጥልቁን ቀለም ነው በኤሌክትሪክ የሚሠራለት። ይህን በርካሽ መሥራት የተቻለው ደግሞ ሰማያዊ ኤልኢዲ ስለተገኘ ነው፤ ሦስት ጃፓን ተወላጆች በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙበት ሥራ ነው፣ አካሳኪ፣ አማኖ እና ናካሙራ። በነገራችን ላይ ነጩም ኤልኢዲ ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ ቢጫ የፎስፈር ሽፋን ተቀብቶበት ነው ነጭ የሚመስለው። የተቃጠለ አምፖል ከፍታችሁ ያቺን ቢጫ ነጠብጣብ ያያችሁ ታውቋታላችሁ።

እና ያ የዱባይ ሳጥን ለኮራል መጥፎ ዕቃ አልነበረም። እንዲያውም ርካሽና ደህና ከሚባሉት ነው፤ የሰማያዊውና የነጩ መቆጣጠሪያ ለየብቻ ነው፣ ከፍና ዝቅ ይላል። መጥፎ የነበረው ቦታው ነው።

ልጁ በስልኩ እንዳያቸው ቪዲዮዎች ሰማያዊውን ሙሉ ለሙሉ ከፈተው፣ ነጩን ጥቂት። በቀን 12 ሰዓት። ለምን 12? «ፀሐይም በቀን ለ12 ሰዓት ነው የምታበራው» አለኝ። ልክ ነው፣ ከምድር ወገብ ብዙ ስላልራቅን ጅማ ላይ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን ምንም አይቀራቸውም። ክርክሩ ያሳምናል። ስህተት ነው ግን ያሳምናል።

በሦስተኛው ሳምንት መስታወቱ ላይ አቧራ የመሰለ አረንጓዴ ነገር ታየ፤ አልጌ ነው። በአምስተኛው ሳምንት የጃቫ ፈርኑ ጫፍ ላይ የድመት ፀጉር የመሰለ ክር በቀለ። የቫሊስኔሪያው የታችኛው ቅጠል ሳሳ፣ ብርሃን አሳልፎ ያሳይ ጀመር። ልጁ ወደ ሱቄ መጥቶ «ምን ይሻላል?» አለኝ።

እኔም ባለሙያ ነኝ አይደል፣ ስልኬ ላይ የብርሃን መለኪያ አፕ ጫንኩ። ሉክስ ነው የሚለካው። ስልኩን በሁለት ድርብ ፌስታል ጠቅልዬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ገንዳው ወለል ላይ አስቀመጥኩት። 1,500 ሉክስ አለ። ያነበብኩት ላይ ደግሞ ለዕፅዋት ከ2,000 በላይ ቢሆን ይሻላል ይላል። «ብርሃን አንሶታል!» አልኩ። በሙሉ ልብ ነው የተናገርኩት። አልጌው ከየት መጣ ታዲያ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ከሱቄ 50 ዋት የሚል ፓውዛ አምጥቼ ከሳጥኑ ጎን ሰቀልኩለት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ገንዳው ውስጥ ዓሦቹን ለማየት መፈለግ ግድ ሆነ።

ስህተቴ ይሄ ነው። ሉክስ የሚለካው ብርሃኑ ለሰው ዓይን ምን ያህል እንደሚደምቅ ነው። ዓይናችን አረንጓዴና ቢጫን አጉልቶ ያያል፤ ሰማያዊ ላይ ደካማ ነው። 450 ናኖሜትር የሚባለውን ጥልቅ ሰማያዊ፣ ማለትም ሳጥኑ ውስጥ የሞላውን ዓይነት፣ ዓይናችን በደንብ ከሚያየው አረንጓዴ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አራት እጅ ያህሉን ብቻ ነው የሚያየው። የሉክስ መለኪያም እንደ ዓይን ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ይህንኑ ድክመት ይወርሳል። ቅጠሉ ግን ዓይን የለውም። ሰማያዊውንም ይበላዋል።

ለቅጠልና ለኮራል የሚሠራው ልኬት ፓር ይባላል፤ በእያንዳንዱ ሰከንድ ምን ያህል የብርሃን ቅንጣት ወረደ የሚለውን ይቆጥራል። መለኪያው ውድ ነው፤ ገንዳውንና መቆሚያውን ሊያስንቅ ይችላል። ግን በግምት ማስላት ይቻላል። ነጭ ኤልኢዲ ከሆነ ሉክሱን ለ70 ማካፈል ነው። ጥልቅ ሰማያዊ ከሆነ ግን አካፋዩ ወደ 7 ይወርዳል፤ አሥር እጥፍ ልዩነት! ሳጥኑ ሰማያዊም ትንሽ ነጭም የተቀላቀለበት ስለሆነ ለ10 ባካፍለው፣ ያ «ደካማ» 1,500 ሉክስ 150 ፓር ገደማ ነበር ማለት ነው። ለስላሳ ኮራል ከ50 እስከ 150 ይበቃዋል። እንደ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ያሉ ጥላ ወዳዶች ከ20 እስከ 40 ይበቃቸዋል። እኔ ይህ አንሶታል ብዬ ነው ፓውዛ የጨመርኩት። የጠገበ ሰው አፍ ላይ ጉርሻ እንደመጨመር።

እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። መንገዱን ያሳየኝ መጽሐፍም ስልክም አልነበረም።

አጎቴ አጋሮ በኩል ቡና አለው። እሑድ ከሰዓት መጥቶ ገንዳው ፊት ለፊት በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ። ብዙ አየው። ከዚያ ልጁን ሳይሆን እኔን ጠራኝ።

«አንተ፣ ቡናው ላይ ያሉትን የጥላ ዛፎች፣ ሰሳዎቹን፣ ብቆርጣቸው ምን ይሆናል?»

«ፀሐይ ይበዛበታል ጋሼ።»

«መጀመሪያ ዓመት እኮ ጉድ ነው የሚያፈራው! ሰው ይቀናል። ከዚያ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ቅርንጫፉ ከጫፉ ይደርቃል፣ ከስሩ ደግሞ አረሙ ይነግሣል። ፀሐይ ስትጨምርለት ምግብም ውሃም ካልጨመርክለት ራሱን ነው የሚበላው። እንግዲህ እነዚህ ቅጠሎች የጥላ ይሁኑ የፀሐይ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?»

አልጠየቅንም። ስንት ዋት እንደሆነ ጠይቀናል፣ ስንት ሰዓት እንደሚበራ ጠይቀናል፣ የሚበራለት ማን እንደሆነ ግን አልጠየቅንም። ደግሞ ነገሩ ልክ እሱ እንዳለው ነው። ብርሃን ሲበዛ ቅጠሉ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ብዙ ማዳበሪያ ይጠይቃል። እኛ ገንዳ ውስጥ ሁለቱም በቂ አልነበሩም። ትልቁ ተክል ሲራብ የተረፈውን ብርሃን የሚወስደው አልጌ ነው፤ አልጌ በትንሽ ይረካል። አረሙ ማለት እሱ ነው።

በዚያው ማታ ሳጥኑንም ፓውዛውንም አወረድናቸው። የድሮ የኤቲኤም ካርድ ይዤ መስታወቱን ፋቅኩት። ለዚህ ሥራ ከካርድ የተሻለ አላገኘሁም፤ መስታወት አይጭርም፣ ጥግም ይገባል። አረንጓዴው እንደ አጥሚት ቆዳ እየተጠቀለለ ይወርድ ነበር። ከውሃው ሲሶውን ቀየርን። ቀጥሎ ገንዳውን በጋቢ ጠቅልለን ሦስት ቀን በጨለማ ተውነው። ዓሣም ሆነ ቅጠል ሦስት ቀን ጨለማ ምንም አይላቸውም፤ አልጌውን ግን ያዳክመዋል። የአጎቴ ሚስት ጋቢ የለበሰውን ገንዳ አይታ «ምነው፣ ታመመ እንዴ?» አለች። ታሟል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ መብራት መግዛቱ። በጀቱ ትንሽ ነበር፤ ልጁ ገንዘቡን ሳጥኑ ላይ ጨርሷል። ሳጥኑን ዝቅ አድርጎ መጠቀም አይቻልም ነበር ወይ? ይቻል ነበር። ሰማያዊውን አጥፍቶ ነጩን ወደ ሩብ ማውረድ ነው። እንዲያውም አንድ ሳምንት ሞክረነዋል፤ ብርሃኑ ጥሩ ነበር፣ ማራገቢያው ግን ሳሎን ውስጥ ባጃጅ የቆመ ይመስል ነበር። አጎቴ ዜና መስማት አልቻለም። አለቀ።

ፓውዛ እንግዛ አልኩ። ፓውዛ ርካሽ ነው፣ ውሃ ቢረጭበት የሚችል ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ሲበላሽ እኔው እጠግነዋለሁ። ገንዳው 80 ሳንቲሜትር ርዝመት ስላለው ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሁለት ትንንሽ ይሻላል፤ አንዱ መሃል ላይ ከተሰቀለ መሃሉ ይቃጠላል፣ ዳርና ዳሩ ይጨልማል። የፍጆታ መለኪያዬን ይዤ መርካቶ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ሶኬት ላይ ትሰካዋለህ፣ በእሱ ላይ መብራቱን ትሰካለህ፣ ትክክለኛውን ዋት ይነግርሃል። ሦስት ዓይነት «20 ዋት» ፓውዛ ፈተሽኩ። አንዱ 19፣ አንዱ 13፣ አንዱ 8! ባለሱቁ ከጀርባዬ ቆሞ «ወንድሜ፣ ልትገዛ ነው ልትመረምር?» አለኝ። ቁጥሩን ሳሳየው ግን እሱም ገረመው፤ የቀሩትን እንድለካለት ለመነኝ፣ ሻይም አዘዘልኝ።

19 የሚለውን አልገዛሁትም። ዋቱ እውነት ነው፣ ግን ጀርባው ስስ ቆርቆሮ ነው፤ አሥር ደቂቃ በርቶ እጄን ማስቀመጥ አቃተኝ። ሙቀቱን ካላስወጣ ኤልኢዲው ቶሎ ይሞታል። 8ቱን ለምን እንደተውኩት ግልጽ ነው። 13ቱ አልሙኒየሙ ወፍራም ነው፣ ክንፍ ክንፍ አለው፣ ስለዚህ አይግልም። የመስታወቱን ዙሪያ በጥፍሬ ጫን ጫን አደረግኩት፤ ጎማው ክፍተት የለውም። የስልክ ካሜራ ከፍቼ አየሁበት፤ ጥቁር መስመር እየተንከባለለ ከታየ መብራቱ ይርገበገባል ማለት ነው፣ የዚህ አልተንከባለለም። ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን ይላል፤ ነጭ የቀን ብርሃን ነው፣ ቅጠሉን አረንጓዴ አድርጎ ያሳያል፣ ለሳሎንም አይከፋም። ሁለት ገዛሁ። የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ የሳጥኑን አሥረኛ አልሞላም።

አሰቃቀሉ ላይ ሁለት ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። የመጀመሪያው የግራውንድ ሽቦ ነው፣ ኮረንቲ ሲያፈተልክ ወደ መሬት የሚያወርደው። ቢጫና አረንጓዴዋን ሽቦ ቆርጠው ሁለቱን ብቻ ፊሽ ላይ የሚያስሩ ብዙ ናቸው፤ የትም ቢሆን ልክ አይደለም፣ ውሃ ላይ ግን ጭራሽ አይሆንም። ሁለተኛው ገመዱ ወደ ሶኬት ከመግባቱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ዞሮ መውጣት አለበት። በገመዱ ላይ ተንሸራትቶ የሚመጣ ውሃ ከታችኛው እጥፋት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ምንም ወጪ የለውም። አናጢው ከዋንዛ ክንድ ሠራልን፤ ሁለቱ ፓውዛዎች ከውሃው 25 ሳንቲሜትር ከፍ ብለው ተንጠለጠሉ። አጎቴ ብርብራ እንጨት እንዳለው ሲናገር ግን «እሱ ይቅር» አልኩት፣ የብርብራ ፍሬ ወንዝ ውስጥ ዓሣ ማስከሪያ መሆኑን እሱ ራሱ ነው በልጅነቴ ያሳየኝ። እንጨቱ ምን ያደርግ እንደሆነ ባላውቅም ለመሞከር ድፍረቱ አልነበረኝም።

ስልኩን እንደገና በፌስታል ጠቅልዬ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። መሃል ላይ 2,900፣ ጥግ ላይ 1,900 ሉክስ። ነጭ ብቻ ስለሆነ አሁን ለ70 ማካፈል ያስኬዳል፤ 41 እና 27 ያህል ፓር። አያችሁ፣ ስልኩ ከበፊቱ በእጥፍ ደምቋል ይላል፤ ቅጠሉ የሚያገኘው ግን ሩብ ገደማ ነው። አኑቢያሱን ጥግ ላይ፣ ቫሊስኔሪያውን መሃል ላይ አደረግን።

የቀረው ሰዓቱ ነው። በቀን 7 ሰዓት ወሰንን። ሰው ቤት የሚገባው ማታ ስለሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት። መጀመሪያ የሚሽከረከረውን ዓይነት ታይመር ገዛሁ፤ አይሆንም። መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል፣ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት፣ ሐሙስ ሁለት ሰዓት መብራት ከጠፋ ዓርብ ላይ የገንዳው ቀን ከእኛ ቀን አምስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ባትሪ ያለው ዲጂታል ቀየርኩ። እሱንም ባትሪው አልቆ ሰዓቱ ጠፋና የአጎቴ ሚስት አስተካከለችው። ጠዋት ነው፣ የግድግዳው ሰዓት 2 ይላል፣ እሷም 2:00 አለችው። ታይመሩ ግን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ ማብሪያው 15:00፣ ማጥፊያው 22:00 ተብሎ ተሞልቷል። ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለቀረ መብራቱ ከማታው 3 ሰዓት ይበራል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጠፋል። አጎቴ ለሱብሂ ሲነሳ ሳሎኑ ጨለማ ስለሆነ ምንም አላየም፤ እሷ ግን ሌሊት ውሃ ለመጠጣት ወጥታ ቤቱ ቦግ ብሎ ስታይ ሌባ መስሏት ጮኸች። አሁን ታይመሩ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል። «በፈረንጅ ነው፣ አትንኩት» ይላል።

ወጪውን ላስቀምጥ። ሳጥኑ ልጁ በሚጠቀምበት አከፋፈት 78 ዋት ይበላ ነበር፣ እኔ የጨመርኩት «50 ዋት» ፓውዛ በመለኪያዬ 36። ድምር 114 ዋት፣ በቀን 12 ሰዓት፣ በወር 41 ኪሎዋት ሰዓት። አሁን 26 ዋት፣ በቀን 7 ሰዓት፣ በወር አምስት ተኩል አይሞላም። የቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በደረጃ የሚጨምር ስለሆነ ያቺ 41 ብቻዋን አትመጣም፣ የምጣዱንም የፍሪጁንም ዋጋ ወደ ላይኛው ደረጃ ጎትታ ነው የምትወጣው። አጎቴ የመብራት ሒሳቡን ወረቀት ይዞ የመጣበትን ቀን አልረሳውም።

ውጤቱ? ወዲያው አልመጣም። ሁለት ሳምንት ምንም የተለየ ነገር አልነበረም፤ ልጁ «ጨለመባቸው» እያለ ይነጫነጭ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ቫሊስኔሪያው አሸዋው ላይ ክር ዘርግቶ ጫፉ ላይ ጣት የምታህል ልጅ አወጣ። ከዚያ ሌላ። የድመት ፀጉሩ ከአዲሶቹ ቅጠሎች ላይ አልታየም፤ አሮጌዎቹን በመቀስ ቆረጥናቸው። ሆርንዎርቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ካልተከረከመ ፓምፑን ይይዛል። አንደኛው ጃቫ ፈርን አልዳነም፤ እሱን የገደልኩት እኔ ነኝ። አኑቢያሱ ላይ አሁንም ክብ ክብ አረንጓዴ ነጥብ አለ፣ ቅጠሉ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ አልጌ ጊዜ ያገኝበታል። ከሰዓት በኋላ፣ መብራቱ ከበራ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆነው፣ ከሆርንዎርቱ ጫፍ የመርፌ ራስ የምታህል አረፋ ትወጣለች። ትንሽ ትንቀጠቀጥና ትነሳለች፣ ቀጥሎ ሌላ። ኦክሲጅን ነው። አጎቴ ይህን ለማየት በርጩማውን እዚያው ትቶታል።

ኮራል የግድ እፈልጋለሁ የሚል፣ ጨውንና ማሞቂያን የቻለ ሰው ካለ፣ የእኔ ምክር ያን ጥቁር ሳጥን አትናቁት ነው። ሰማያዊውን 30 ከመቶ፣ ነጩን 10 ከመቶ አድርጉና ጀምሩ፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ አድርጉ። በአንድ ቀን ሙሉ ብርሃን የወረደበት ኮራል እነዚያን ያስጠጋቸውን አልጌዎች አስወጥቶ ነጭ ይሆናል። የሚመጣው ለስላሳው ዓይነት ከሆነ ብዙ ብርሃን አይጠይቅም። ስልኩን ግን ሰማያዊ ብርሃን ስር ይዛችሁ አትውረዱ፤ ይዋሻል። የልጁ ሳጥን ካርቶኑ ውስጥ ተመልሶ ቁም ሳጥን ላይ ነው። አልሸጥም ብሏል። ሕልሙን ገና አልተወም።

ባለፈው ሳምንት ከሁለቱ ፓውዛ አንዱ ጠፋ። ድራይቨሩ ነው፣ ኤልኢዲውን በልኩ ኮረንቲ የሚመግበው ክፍል፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ቮልቴጁ ይዘላል። ልጁ በስልክ ደወለልኝ፣ ድምፁ ሐኪም ቤት ያለ ሰው ይመስላል። ከሱቄ መደርደሪያ ላይ ከሌላ የተሰበረ ፓውዛ የነቀልኩት ድራይቨር ነበረ። በባጃጅ ሄድኩ፣ አራት ብሎን ፈታሁ፣ ሁለት ሽቦ በያድኩ፣ ጎማውን በሲሊኮን ዘጋሁ። ከመብራት ማብሪያው ሰዓት በፊት ጨረስን። የአጎቴ ሚስት ቡና አፍልታ ስለነበር ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልወጣሁም።